እትዬ እርሳስ የሸፈኑት ነጥብ

እትዬ እርሳስ ሲቆጡ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። ሲደሰቱም ያወልቃሉ። ስለዚህ መነጽሩ ከአፍንጫቸው በወረደ ቁጥር ሰው ይሽሽ ወይ ይጠጋ ግራ ይገባዋል። እኔ የመጀመሪያውን ቀን ሸሽቻለሁ። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ግን ውለታቸውን በአፍ ብቻ አመስግኜ የምወጣው ስላልመሰለኝ ነው።

ሥራቸው ከሃያ ዓመት በላይ የሰው ፊት ማስተካከል ነበር። ሐኪም እንዳይመስሏችሁ። አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ፣ መስኮት ስር፣ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ከስሩ መብራት ባለው መስታወት ላይ ነጋቲቭ ዘርግተው፣ እንደ መርፌ በሾለ እርሳስ የሰዉን ብጉርና የዓይን ስር ጥቁረት ይሸፍኑ ነበር። ነጋቲቭ ላይ ነገሩ ሁሉ ግልብጥ ነው፤ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ። ፊት ላይ ያለ ጥቁር ነጥብ ፊልሙ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ጭላንጭል ሆኖ ይታያል። ያንን ጭላንጭል በእርሳስ ጫፍ ሲሞሉት ፎቶው ታትሞ ሲወጣ ነጥቡ የለም። ዛሬ ስልካችን ሳንጠይቀው የሚሠራውን ሥራ እሳቸው ትንፋሻቸውን ይዘው ይሠሩት ነበር። እርሳሱን ጸጉራቸው ውስጥ ሰክተው ስለሚዞሩ የጎረቤት ባለሱቅ ያወጣላቸው ስም ነው የጸናው፤ ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን እሳቸውም እንደረሱት እያሉ ይቀልዳሉ።

እኔ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲተር ነኝ። የምኖረው የሰከረ አጎት ቆርጬ እየጣልኩ፣ የሙሽራዋን እንባ ከዘፈኑ ጋር እያገጣጠምኩ ነው። እንግዲህ ሁለታችንም የሰውን መልክ እያሳመርን የኖርን ሰዎች ነን ማለት ነው። ያገናኘን ግን ሥራ አይደለም፤ አንድ ፎቶ ነው።

እናቴ እኔን ስትወልድ ሞታለች። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ እማ ነው የምላት። እማና እናቴ መንትዮች ነበሩ፤ አንዷ ቁርጥ ሌላዋን። አያቴ ማታ በኩራዝ ብርሃን አንዷን ሁለቴ አጥባ ሌላዋን ሳታጥብ ታስተኛቸው ነበር ይባላል። የሚለያቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እናቴ ከከንፈሯ ጥግ ከፍ ብሎ፣ ማርያም የሳመቻት፣ ምስር የምታህል ጥቁር ነጥብ ነበረቻት።

ከእናቴ የቀረኝ ፎቶ አንድ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቀሚሳቸው አንድ፣ የጸጉር አሠራራቸው አንድ። አንዷ ጥርሷ እስኪታይ ትስቃለች። ሌላዋ ከንፈሯን ገጥማ፣ ኮስተር ብላ፣ ካሜራውን የበደላት ይመስል ታየዋለች። ነጥቧ ግን የሁለቱም ፊት ላይ የለችም።

ፎቶው የተነሳው እናቴ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና፣ አባቴ ወደሚሠራበት ሩቅ ከተማ ልትሄድ ስትነሳ ነው። ፎቶው ሲደርስ እሷ ሄዳ ነበር። እማ ተቀብላ አንዱን ኮፒ በፖስታ ላከችላት፤ ይድረሳት አይድረሳት የሚያውቅ የለም። ከዚያ በኋላ እህትማማቾቹ በአካል አልተገናኙም።

ልጅ ሆኜ “የቷ ናት እናቴ?” ስል እማ ኮስታራዋን ታሳየኝ ነበር።

“በምን አወቅሽ?”

“እኔማ ድሮም ገልፋጣ ነኝ! መቼ አፌን ገጥሜ አውቃለሁ? የምትስቀዋ እኔ ነኝ።”

የተቀመጡበትን ቦታ እንዳታስታውስ ደግሞ ፎቶ አንሺው “ተቀያየሩ፣ እስቲ እንደገና ተቀያየሩ” እያለ አዙሮባቸዋል። አባቴን አንድ ጊዜ በስልክ ጠይቄዋለሁ። የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ሌላ ቤተሰብ አለው። “እኔ እንጃ ልጄ፣ እኔም በነጥቧ ነበር የምለያት” ብሎኝ ወደ አየሩ ጸባይ ዞረ። ባሏ በነጥብ የሚለያትን ሴት እኔ ሳላያት በምን ልለያት እችላለሁ?

እናም ኮስታራዋን ተቀበልኩ። ችግሩ ያ ፊት ነበር። ሦስት ወር አርግዛኝ ያላት ፊት እሱ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ዝም ብዬ አየው ነበር። ነፍስ ሳውቅ ግን ቆጠርኩት፤ ያን ጊዜ ሆዷ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ እሷ ደግሞ ያንን ፊት ይዛ ነበር። አልፈለገችኝም ማለት ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ እናቴን ባየኋት ቁጥር “ምነው ባልመጣሽ” የምትለኝ ይመስለኝ ነበር። ለእማ አልተናገርኩም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሃያ ስምንት ዓመቴ ድረስ ይዤው ቆየሁ።

ቤት ስንቀይር የፎቶው መስታወት ተሰበረ። ልቀይርለት ከፍሬሙ ሳወጣው ከጀርባው የፎቶ ቤቱ ማኅተምና በእጅ የተጻፈ ቁጥር አየሁ። እንደዋዛ ጠየቅኩ፤ ፎቶ ቤቱ አሁንም አለ ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን ሄድኩ።

ከፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ላሚኔሽን ይሠራል። ባለቤቱ የእትዬ እርሳስ የወንድም ልጅ ነው፤ አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ደንበኛን “አገጭ ቀና” እያለ የሚያዝ ሰውዬ። እሳቸው ጓዳው ውስጥ በዚያው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ነበሩ። ፊልም የሚያመጣ ሰው ከጠፋ ዓመታት ቢያልፉም በየቀኑ ይመጣሉ፤ የድሮውን ነጋቲቭ ያገላብጣሉ፣ አቧራ ያራግፋሉ፣ የወንድማቸውን ልጅ ያርማሉ።

ፎቶውን አሳየኋቸው። “እናቴ እዚህ ጋ ነጥብ ነበረባት፤ ፎቶው ላይ የለም። እዚህ ስትሠሩት ጠፍቶ ይሆን?” አልኩ።

መነጽራቸውን አወለቁ።

“ስሚ ልጄ። እዚህ ቤት ብጉር ይጠፋል፤ ብጉር እንግዳ ነው፣ ይሄዳል። ነጥብና ጠባሳ ግን የሰውየው ነው፣ አይነካም። ፎቶ አንሺው ወንድሜ ይህንን ግድግዳ ላይ ባይጽፈውም ጆሮዬ ላይ ጽፎታል። እኔ ደግሞ ትእዛዝ አፍርሼ አላውቅም። ካሜራው አልያዘውም በይ።”

“ካሜራ ደግሞ መርጦ ይይዛል እንዴ?”

“ትመልሺልኛለሽ ደግሞ!”

ያኔ ነው የሸሸሁት። በሩ ጋ ስደርስ ግን “የፎቶውን ቁጥር ትተሽ ሂጂ!” ሲሉ ሰማሁ።

በማግስቱ አላስችል ብሎኝ ተመለስኩ። እትዬ እርሳስ በጫማ ካርቶን ተከበው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ካርቶን ውስጥ በፖስታ የታሸጉ ነጋቲቮች ነበሩ። ቁጥር አላቸው፤ ግን ጣራው አንድ ክረምት አፍስሶ ካርቶኖቹ ተቀያይጠዋል፣ አንዳንዱ ፖስታም እርስ በርሱ ተጣብቋል። “ቆመሽ ከምታዪኝ ተቀመጪና ፈልጊ” አሉኝ። ለአራት ቀን ከሰዓት ከሰዓት ፈለግን። ሕይወታቸውን የሰማሁት በዚያ ፍለጋ ላይ ነው።

መጀመሪያ ጥልፍ ጠላፊ ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት የኖሩበት ትዳር ሲፈርስ አንድ ሻንጣና የመርፌ መያዣቸውን ይዘው ታላቅ ወንድማቸው ፎቶ ቤት መጡ። ሰላሳ አንድ ዓመታቸው ነበር። “ተመልሳ መጣች የሚለውን ወሬ ፈርቼ ቀና ብዬ አልሄድም ነበር” አሉኝ። ወንድማቸው ስለ ትዳሩ አንዲት ቃል አልጠየቃቸውም። “መርፌ የያዘ እጅ እርሳስ አያቅተውም” አለና ወንበሩን ሰጣቸው። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ለስለስ አለ፤ ቀጥለው ግን እንዲህ አሉ፦

“እርሳሱንማ መቼ ቶሎ ሰጠኝ! እንቁላል ነው የሰጠኝ።”

“እንቁላል?”

“ጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀመጠልኝ። ጠዋት ‘ብርሃኑ ከየት መጣ?’ ይለኛል። ማታ ‘አሁንስ ከየት መጣ?’ ይለኛል። በአራተኛው ቀን ጠብሼ ልበላው ምንም አልቀረኝም። በስድስተኛው ቀን ገባኝ። እንቁላሉን እንቁላል ያደረገው ጥላው ነው። ጥላው ባይኖር የተቆረጠ ወረቀት ነው። ‘ፊትም እንዲሁ ነው፤ ጥላውን አለስልሺ እንጂ አትግደዪ’ አለኝ።”

ነፍሱን ይማረውና፣ ወንድማቸው ፎቶ ሲያነሳ የሚቸኩል ሰው አልነበረም። ሰው “ተዘጋጅ” ሲባል የሚያወጣው ፊት የተዋሰው ነው ይል ነበር። ስለዚህ ካሜራውን የሚያስተካክል መስሎ ያወራል፣ ያስቀይራል፣ የጀርባውን መጋረጃ ይጎትታል፤ ሰውየው መጠበቁ ሰልችቶት ወደ ራሱ ሲመለስ ያኔ ቀጭ ያደርጋታል። እኔ እንግዲህ ስንትና ስንት ሠርግ ቆርጬ ሳጣብቅ ይህንን የነገረኝ አልነበረም። አሁን ሙሽሮች ለካሜራ ተዘጋጅተው ከሳቁት ሳቅ ይልቅ ካሜራው የጠፋ መስሏቸው የተያዩትን አስቀራለሁ። ይህም የእሳቸው ስጦታ ነው።

በአራተኛው ቀን ፖስታው ተገኘ። ቁጥሩ ያው ነው። ከቁጥሩ ስር በእትዬ እርሳስ የእጅ ጽሑፍ ሁለት ቃል ተጽፏል። “አቧራ፤ ጸድቷል” ይላል።

ነጋቲቩን አወጡት፤ እንደ መዳፍ የሚሰፋ ነው። ወደ መስኮቱ ይዘው አዘነበሉት። እርሳስ የነካው ቦታ በብርሃን ሲያዘነብሉት ያብለጨልጫል። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

“መጣልኝ” አሉ። “ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ነው። ሰዎቹን አላየኋቸውም፤ እኔ የማየው ፊልሙን ብቻ ነው። ሁለት ፊት፣ አንድ መልክ። አንዷ ላይ ነጥብ አለ፣ ሌላዋ ላይ የለም። እንዲህ የሚመሳሰል ፊት አንዱ ላይ ያለው ሌላው ላይ ከሌለ ፊልሙ ሲታጠብ ያረፈ አቧራ ነው አልኩ። ወንድሜን መጠየቅ ነበረብኝ። አዋቂ መስዬ መታየት አማረኝና አልጠየቅኩም። አጥፍቻለሁ ልጄ።”

አልዋሽም፣ ተናደድኩ። ሰው እናቱ አቧራ ተብላ ስትጠረግ እንዴት አይናደድ? ደግነቱ ፊታቸውን አየሁት። ሰዉን ሁሉ የሚያርሙት ሴትዮ እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም።

“የቷ ላይ ነው ታዲያ?”

“እሱ ነው ችግሩ። ሁለቱም ላይ እርሳስ አለ። ዓይን ስር ነክቻለሁ፣ ከንፈር ጥግ ነክቻለሁ። የቱ ጥላ ለማለስለስ፣ የቱ ነጥቡን ለመሸፈን እንደሆነ የሚለየው ሲታጠብ ነው። ቀለም ቀቢዎች ቀለም የሚያቀጥኑበት አኳራጅ ያስለቅቀዋል። ግን ፊልሙን ተመልከቺው፤ እርጥበት በልቶታል። ከተላጠ ፊቱም አብሮ ይሄዳል። ያኔ እስከ መቼም አናውቅም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን።”

“ፎቶውማ በእጄ አለ” አልኩ። “እኔ የሌለኝ እናቴ ናት።”

ይህን ሲሰሙ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። “ከነገ ወዲያ አክስትሽን ይዘሻት ነይ” አሉኝ።

በቀጠሮው ቀን ከእማ ጋር ደረስን። እማ መንገዱን ሙሉ ስታወራ መጥታ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ነጠላዋን አስተካከለች። የእትዬ እርሳስ የወንድም ልጅ እኔን ወደ ጎን ሳብ አደረገኝና በጆሮዬ እንዲህ አለኝ፦

“ለማንም እንዳትናገር ብለውኛል፤ ግን መናገሬ ነው። እትዬ ሥራ የጀመሩ ሰሞን አባቴ ያነሳቸው አንድ ነጋቲቭ ነበራቸው። እትዬ ፎቶ መነሳት አይወዱም፤ በወጣትነታቸው ያላቸው እሱ ብቻ ነው። እንደናንተው እርጥበት የነካው ስለሆነ ትናንት ለሙከራ መጀመሪያ እሱን አጠቡት። ጠረግ ሲያደርጉት ግማሽ ፊታቸው ተላጠ። ከዚያ በቀረው ግማሽ ላይ ሳይጠርጉ ጥጡን አሳርፈው መጠበቅ እንዳለባቸው ለዩ።”

እጄን በአፌ ጫንኩ። ገብቼ እንዳልናገር ምሎ አስማለኝ።

እትዬ እርሳስ እጃቸውን ታጥበው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልለው ይጠብቁን ነበር። የነጋቲቩን ኮፒ አስቀድመን በኮምፒውተር አስቀረን። ከዚያ ፊልሙን መስታወቱ ላይ ዘረጉት፤ መብራቱ ከስር በራ። ሁለቱ ፊቶች ጥቁር፣ ጸጉራቸው ነጭ ሆኖ ታዩ። የምትስቀዋ ጥርሶች ጥቁር ናቸው።

“ከኮስታራዋ ጀምሩ” አለች እማ። “እህቴ እሷ ናት።”

ጥጡን አኳራጁ ውስጥ ነክረው፣ አጠንፍፈው፣ የኮስታራዋ ከንፈር ጥግ ላይ አሳረፉት። አልጠረጉም። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ቆጠሩ። ሲያነሱት ጥጡ ግራጫ ሆኗል። አጎነበስን። ከስሩ የወጣው ጥላ ብቻ ነው፤ ሌላ ምንም የለም።

“በደንብ ይዩት እስቲ” አለች እማ።

እንደገና አሳረፉ፣ እንደገና አነሱ። አሁንም የለም። በሌላኛው ከንፈሯ ጥግም የለም። እኔ ወንበሩን ጥርቅም አድርጌ ይዤ ነበር። ተልጦ ጠፍቶ ይሆን ብዬ ሰጋሁ። እትዬ እርሳስ አዲስ ጥጥ ጠቀለሉ። ወደምትስቀዋ ዞሩ። ከጥቁሮቹ ጥርሶች ከፍ ብሎ፣ ከንፈሯ ጥግ ላይ አሳረፉና ቆጠሩ። የዚህኛው ቆጠራ ረዘመብኝ።

ጥጡ ሲነሳ ከስሩ ብርሃን ወጣ። ትንሽ ናት፤ ምስር ታህላለች፤ ግን ጥርት ብላ ታበራለች።

“ይቺውልሽ” አሉ እትዬ እርሳስ።

ከዚያ እማ ጉንጯን በመዳፏ ያዘች።

“ጥርሴ!” አለች።

“ምን?”

“የዛን ቀን ጥርሴን አሞኝ ነበር እኮ! ሌሊቱን ስጮህ ነው ያደርኩት! ፎቶ አንሺው ተቀያየሩ፣ ተቀያየሩ ሲል በልቤ ስረግመው ነበር! ኮስታራዋ እኔ ነኝ! ወይኔ ጉዴ! ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ እህቴ ናት ብዬ እያለቀስኩ የምስመው የራሴን ፎቶ ነው?”

የወንድማቸው ልጅ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ውጭ ሮጠ። እማ እራሷም እየሳቀች እንባዋ ይወርድ ነበር። እኔ ግን አልሳቅኩም። እዚያው ወንበሩን እንደያዝኩ፣ ያን ያህል ዘመን የያዝኩት ነገር ከአፌ አመለጠ።

“እማ፣ እኔ እኮ አልፈለገችኝም ብዬ ነበር። ያን ፊት እያየሁ… አርግዛኝ ከፍቷት ነው ብዬ።”

እማ ሳቋ ቀጥ አለ። እትዬ እርሳስ እጄን ሳብ አድርገው በሁለት እጃቸው ያዙት። “እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩሽ፤ ይቅር በዪኝ” አሉኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ። አኳራጅ አኳራጅ ይሸታል። ያጠፉ ብዙ ናቸው፤ ያጠፉትን መልሰው ለማምጣት የራሳቸውን ፊት የሰጡ ግን እኔ እሳቸውን ብቻ ነው የማውቀው። ይህን በወቅቱ መናገር አልቻልኩም፤ ምያለሁና። አሁን ግን መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ ሲያነቡት መነጽራቸውን ያውልቁ።

እማ ትከሻዬን ይዛ ወደ እሷ አዞረችኝ።

“ስሚኝ። አሁን ነው ሁሉም የመጣልኝ። ፎቶ አንሺው ‘እሺ ሁለታችሁም ተዘጋጁ’ አለ። እኔ ጥርሴን ይዤ ቶሎ ጨርስ እያልኩ ነው። እናትሽ እጇን ሆዷ ላይ አደረገችና ‘ጋሼ፣ ሁለት አይደለንም፣ ሦስት ነን፤ ሦስተኛው ሳይዘጋጅ እንዳታነሳን’ አለችው። እሱ ቶሎ አልገባውም፤ ዙሪያውን ይፈልግ ጀመር፣ መጋረጃውን ሁሉ ገልጦ አየ። ይሄኔ ነው ሳቋ ያመለጣት። እሱም ያኔ ነው ያነሳን።”